እስከ አሥር ሰዓት የተፈቀደ ዕርቅ

እኔ ራሴ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ሰውን «ነገ ተመለሱ» የምል ሴት ነኝ። እንጀራዬ ነው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የባለጉዳይ ማመልከቻ እቀበላለሁ፤ የጎደለውን እነግራለሁ፣ የተሟላውን ለአለቃዬ አሳልፋለሁ። ስለዚህ እናቴና አክስቴ ሐይቅ ዳር ካለው መናፈሻ ውስጥ ይታረቁ ሲባል የፈቃዱ ጣጣ እኔ ላይ መውደቁ ማንንም አልገረመም። እኔን ያናደደኝ የተሰጠኝ ጊዜ ነው። ሽማግሌዎቹ ማክሰኞ ማታ ተስማምተው ዕርቁ ቅዳሜ እንዲሆን ቆረጡ። ከቅዳሜ ማሳለፍ አይቻልም፤ አክስቴ ሰኞ ለቀዶ ጥገና አዲስ አበባ ትሄዳለች። ሆዷ ውስጥ ያለው እብጠት ተከፍቶ ካልታየ ምንነቱ አይታወቅም ብለዋታል። እናቴ ይህን ከሰማች ጀምሮ እህል አልወርድ፣ እንቅልፍ አልወስድ ብሏታል። «ሳይታረቁ አንድ ነገር ብትሆንስ?» የሚለውን ማናችንም በአፋችን አላወጣነውም፤ ቤቱ ውስጥ ግን ከእሱ ሌላ የሚታሰብ ነገር አልነበረም።

«ቤት እያላችሁ መናፈሻ ምን ይሠራል?» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ቤትማ አለን። የእኛ ባህል አዳራሽ አጠገብ ነው፣ የአክስቴ መናኸሪያ፤ ባጃጅ ውስጥ ገብተው ሳይደላደሉ ይደረሳል። ያስቸገረን መሐላው ነው። አያቴ የሞተች ጊዜ አክስቴ ሞያሌ ትነግድ ነበር። ተደውሎ ሲነገራት ያገኘችው አውቶቡስ ላይ ወጣች፤ ክረምት ነበርና መንገድ ላይ ጎርፍ ያዛት። ሀዋሳ ስትደርስ ቀብሩ አልቆ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየቆረጠመ ነበር። ልብሷ በላይዋ እንደረጠበ ድንኳኑ መሐል ቆማ እናቴን፣ «እናቴን ሳላያት ቀበርሽብኝ! ይህን ደጅ ዳግም ብረግጥ አፈሯ ይፋረደኝ» አለቻት። እናቴ ሐዘን ላይ ናት፤ በዚያ ላይ ሰው ፊት ተዋርዳለች። «እኔም ያንቺን ብረግጥ!» ብላ መለሰች። ሁለቱም መማል ኃጢአት ነው እየተባሉ በቸርች ያደጉ ሴቶች ናቸው። ቢሆንም የማሉትን ጠበቁት። ከዚያ ወዲህ አንድ ከተማ ውስጥ እየኖሩ ገበያ ላይ አንዷ ሌላዋን ካየች ሽንኩርቷን ሳትገዛ መንገድ ትቀይራለች።

ቦታውን የመረጡት የሽማግሌዎቹ አለቃ ናቸው። የአያቴ ታናሽ ወንድም፣ የእናቴና የአክስቴ አጎት፤ ከአያቴ ወገን በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። አክስቴ ተማሪ ሳለች ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ እንደ አባት ትወዳቸዋለች። አጎታችን ያደጉት ገጠር ነው፤ ሰው የሚታረቀው ዛፍ ሥር ተቀምጦ እንጂ ጣሪያ ሥር አይደለም ይላሉ። ሐይቁ ዳር ያለችውን ትልቅ ዋርካ ራሳቸው ሄደው ዞረዋት፣ ጥላዋን አይተው ወደዷት። ዋርካዋ ያለችው የከተማው መናፈሻ ውስጥ መሆኑን ስነግራቸው፣ «ዛፍ ደግሞ ቢሮ አለው እንዴ?» አሉኝ።

አለው። ረቡዕ ጠዋት ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። በሩ ላይ የቆመውን ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ የተለጠፈ ነገር ሳላነብ የማልፍ ሰው አይደለሁም። ባለጉዳይ የሚንገላታው ስለማያነብ ነው ብዬ ስንቱን ተቆጥቻለሁ። እሳት ማንደድ ክልክል ነው። እንስሳ ማስገባት ክልክል ነው። ጦጣና አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ መመገብ ክልክል ነው። ከአሥራ አምስት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ላይ የሰው ብዛት፣ ምክንያቱ፣ ሰዓቱና ኃላፊነት የሚወስደው ሰው ይጻፋል፤ ኃላፊው ሲጨርስ ቦታውን አጽድቶ ያስረክባል። ግልጽ ነው፤ የእኛ መሥሪያ ቤት ሰሌዳ እንዲህ ግልጽ ቢሆን ብዬ ቀናሁ።

ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፊቱ ያልተተኮሰ ጎልማሳ ነው።

«ምክንያቱ ምንድን ነው?»

«ዕርቅ።»

«ዕርቅ የሚባል የለንም። ሰርግ፣ ልደት፣ ምርቃት፣ ስብሰባ። ከእነዚህ የቱ ነው?»

«የትኛውም አይደለም። ሁለት እህትማማቾች ናቸው፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው…»

«ሽማግሌ ተቀምጦ ከተነጋገረ ስብሰባ ነው። ለስብሰባ ደግሞ መጀመሪያ ከጸጥታ ቢሮ ደብዳቤ ያስፈልጋል።»

ጸጥታ ቢሮ ሄድኩ። እዚያ ያለው ሰው ሳቀብኝ። እናትሽና አክስትሽ ቢጣሉ እኛ ምን አገባን፣ ቀበሌ ይጻፍልሽ አለኝ። ቀበሌ ሄድኩ። ደብዳቤው ተጻፈ፤ ማኅተም የያዘችው ሴት ግን ስልጠና ገብታለች። «ነገ ተመለሺ» አለችኝ መስኮት ጀርባ ያለችው ልጅ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ። ደሜ ፈላ። ልናገራት አፌን ከፍቼ እኔም በየቀኑ ሰውን እንዲሁ ቀና ብዬ ሳላይ እንደምመልስ ትዝ አለኝና ዝም ብዬ ወጣሁ። ሐሙስም እንዲሁ አለፈ። ማታ እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ፊቴን ብቻ ታያለች። ቅዳሜ ሳይሳካ ቀርቶ አክስቴ ሰኞ ብትሄድ እናቴ ምን ትሆናለች?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ማኅተሙ ተመታ። ቀበሌው «የቤተሰብ ፕሮግራም» ብሎ ጽፎልኝ ነበርና የመናፈሻው ሰው ስብሰባ ማለቱን ተወው። ስንት ሰው ትሆናላችሁ ሲለኝ ሠላሳ አልኩት። ሰዓቱን ከስምንት እስከ አሥር አደረገው። ትንሽ ጨምርልኝ ብዬ ለመንኩት።

«ከአሥር በኋላ ዋርካዋን ሙሽሮች ይዘዋታል» አለኝ። «የቅዳሜ ሙሽራ የሚቀረጸው እዚያ ነው። አሥር ሲሆን ቦታው ባዶ ካልሆነ ጥበቃዎቹ ያስነሷችኋል። ኃላፊዋ አንቺ ነሽ፤ ፈርሚ።»

ፈረምኩ። በቀጥታ አጎታችን ቤት ሄጄ ወረቀቱን አነበብኩላቸው።

«ሁለት ሰዓት?» አሉ። «ሁለት ሰዓትማ ጸሎቱና ምርቃቱ ነው። ነገር እስኪያልቅ ነው የሚቀመጡት።»

«አጎቴ፣ ከአሥር በኋላ ሙሽሮች ይመጣሉ።»

«ይምጡ! እነሱም ሰምተው ይማሩበት።»

«ሰውም ከሠላሳ መብለጥ የለበትም።»

ይህን ሲሰሙ ከልባቸው ተቆጡ። ዕርቅ ላይ የመጣ ሰው አይባረርም፤ የሰማ ሁሉ ነገ ምስክር ይሆናል፤ አንቺ የተማርሽ ልጅ ይህን ሳታውቂ ነው ወይ የምትሮጪው? አሉኝ። እኔም ውስጤ እየጋለ፣ እርስዎ ያሉት ይሁን ብዬ ወጣሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ ዋርካዋ ሥር በግማሽ ክብ ተቀመጡ። ትይዩአቸው፣ ውኃው ዳር፣ አንድ ረጅም የሲሚንቶ አግዳሚ አለ። እናቴ በአንደኛው ጫፍ፣ አክስቴ በሌላኛው ጫፍ ተቀመጡ። በመሐላቸው አራት ሰው የሚያስቀምጥ ባዶ ቦታ ነበር። አክስቴ ከስታለች፤ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። እናቴ አንድ ጊዜ በዓይኗ ጠርዝ አየቻትና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

የሽማግሌዎቹን አሠራር ያላየ ሰው የእኔን ጭንቀት አይረዳም። በእነሱ ወግ ማንም የማንንም ንግግር አያቋርጥም። አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ሌላው ሽማግሌ ያለውን በሙሉ መልሶ ይናገራል፤ «እንዲህ ብለሃል?» ይላል። ያኛው «ብያለሁ» ካለ ብቻ ወደሚቀጥለው ይኬዳል። በደህናው ቀን ብሰማው ደስ ይለኝ ነበር። በዚያ ቀን ግን እያንዳንዱ ቃል ሁለት ጊዜ ሲነገር ስልኬ ላይ ያለው ሰዓት የሚሮጥ መሰለኝ። ጸሎት ተጸለየ። አጎታችን መረቁ። ስለ ሰላም ተነገረ፤ የተነገረው ተደገመ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ከሁለቱ ሴቶች አንዷም አልተናገረችም።

ሰውም መጣ። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ማንም አልጠራውም፣ ግን መጣ። የዕድራችን ሰዎች መጡ፣ የአክስቴ የመናኸሪያ ጎረቤቶች መጡ። ዓሣ ሊበሉ የመጡ ሰዎች ክርክር መስሏቸው ቆሙ፤ ዕርቅ መሆኑን ሲሰሙ ጫማቸውን አውልቀው ሣር ላይ ተቀመጡ። ባጃጃቸውን በር ላይ አቁመው የገቡ ሹፌሮችም ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ለአዲስ መጪ ሁሉ ጠጋ እያሉ ቦታ ይሰጣሉ። ሠላሳ ያልኩት ቁጥር ከመቼው እንዳለፈ አላየሁም፤ ጥበቃው ግን አየ። ጎልማሳ ሰው ነው፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ። በምልክት ጠራኝ።

«እህቴ፣ ይኼ የቤተሰብ ፕሮግራም ነው?»

«ቤተሰባችን ሰፊ ነው» አልኩት።

«አትቀልጂብኝ። አለቃዬ ቢመጣ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ሰው አሁን ይህን ያህል ከሆነ እስካሁንም ማስነሳት ነበረብኝ። ሽማግሌዎቹን ፈርቼ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ግን አልለምንሽም።»

እሺ አልኩት። ተመልሼ ስመጣ አክስቴ መናገር ጀምራለች።

ረጅም አላወራችም። አውቶቡሱን፣ ጎርፉን፣ ሌሊቱን ሙሉ መንገድ ላይ መቆማቸውን ተናገረች። ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ሰው ንፍሮ ሲበላ ማየቷንም ጨመረች። «እናቴን ፊቷን እንኳ ሳላይ» አለች። አንዱ ሽማግሌ ያለችውን ደገሙ፤ እያንዳንዱን። «እንዲህ ብለሻል?» አሏት። «ብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቃት። ለምን አልጠበቀችኝም?» ይህንንም ደገሙት።

ሁሉም ሰው ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ አጎታችንን አየች፤ ከዚያ መሬት መሬት አየች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር ትበለኝ» አለች።

«ይቅርታሽን አልጠየቅኩም» አለች አክስቴ። «ለምን ነው ያልኩሽ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ልጄ» አሉ አጎታችን ለአክስቴ፣ «ጥፋቷን ካመነች ምን ቀረሽ?»

«አልመለሰችልኝም። እንዲሁ ይቅር ብዬ አዲስ አበባ ብሄድ፣ አልጋው ላይ ስተኛ ይኼው ጥያቄ ነው አብሮኝ የሚተኛው።»

እናቴን ይዤ ብነቀንቃት በወደድኩ። አንድ ቃል ተናገሪ! ዝናብ ነበር በይ፣ ፈራሁ በይ፣ ያልሽውን በይ! እሷ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም። የሙሽሮቹ መኪኖች ጡሩምባ ከበሩ ወዲያ ተሰማ። ቪዲዮ ቀራጩ ቀድሞ ገብቶ ዋርካዋን በአንድ ዓይኑ ይለካታል። ሚዜዎቹ አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሰው በር ላይ ተደርድረዋል። አንድ ሌላ ሽማግሌ ስለ እህትነት መናገር ጀመሩ። ሰዓቱን አየሁት፤ አሥር ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጥበቃው ፊሽካውን በእጁ ይዞ ወደ እኛ እየመጣ ነው። እሱ ፊሽካ ነፍቶ ሽማግሌ ከሚበትን እኔ ብናገር ይሻላል ብዬ ተነሳሁ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሰዓታችን አልቋል» አልኩ።

የሚናገሩት ሽማግሌ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። አጎታችን ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ዕርቅ በሰዓት!» አሉ ቀስ ብለው። ጥበቃው ጎንበስ ብሎ በሲዳምኛ አናገራቸው፤ አባቴ እያለ፣ በአክብሮት። ምን እንዳላቸው በደንብ አልሰማሁም፤ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ነገሩ በይደር ይቆይ። ያልተቋጨ ዕርቅ አይመረቅም» አሉ። ሌሎቹም ተነሱ። ሕዝቡ ሣሩን ከልብሱ እያራገፈ፣ እኔን በክፉ ዓይን እያየ ወደ በሩ ተንቀሳቀሰ። ይደር ማለት እስከ መቼ ነው? አክስቴ ሰኞ ሂያጅ ናት። ሁሉን ነገር በእጄ ያበላሸሁ መስሎኝ እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ።

ሁለቱ ሴቶች አልተነሱም። እናቴ አግዳሚው አንደኛው ጫፍ ላይ፣ አክስቴ ሌላኛው ጫፍ ላይ፣ ሁለቱም ሐይቁን ያያሉ። ቪዲዮ ቀራጩ ለጥበቃው፣ «እነዚያ እናቶች ካሜራ ውስጥ ይገቡብኛል» አለው። ጥበቃውም ወደ አግዳሚው ሄደ። እኔ ቀድሜው ደረስኩ።

«እነሱን አታስነሳም» አልኩት።

«እህቴ፣ ፈቃዳችሁ አልቋል።»

«ፈቃድ የሚያስፈልገው ከአሥራ አምስት ሰው በላይ ሲኮን ነው። ሰሌዳችሁ ላይ ተጽፏል። እነዚህ ሁለት ናቸው። እህትማማቾች ናቸው፣ ሐይቅ እያዩ ነው። በየትኛው ሕግ ነው የሚነሱት?»

ወደ በሩ፣ ወደ ሰሌዳው አየ። ከዚያ ሁለቱን ሴቶች አየ። «እውነትሽን ነው» አለና ወደ ቪዲዮ ቀራጩ ዞረ፤ «አንተ ካሜራህን ወዲያ አዙር» አለው። «አንቺ ግን ኃላፊ ነሽ፤ አጽድተሽ ታስረክቢኛለሽ።»

ማጽዳት ጀመርኩ። የተጣለውን የውኃ ላስቲክ፣ የለውዝ ቅርፊት፣ የማስቲካ ወረቀት በፌስታል እለቅማለሁ። ሙሽሮቹ ከዋርካዋ ሥር ይሳሳቃሉ። እየለቀምኩ ወደ አግዳሚው ጀርባ ደረስኩ፤ እውነቱን ለመናገር እዚያ ብዙ ቆሻሻ አልነበረም።

በመጨረሻ አክስቴ፣ «አንድ ነገር ነው የጠየቅኩሽ» አለች። አሁን ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነው።

እናቴ ዞር ብላ በሩን አየች። አጎታችን ሁለት ሰዎች ደግፈዋቸው ባጃጅ ውስጥ ሲገቡ ይታያል። ባጃጁ እስኪሄድ ጠበቀች።

«ሳጥኗ ላይ ተኝቼ ነበር» አለች።

«ምን?»

«እህቴ ሳትመጣ አይነሳም ብዬ ሳጥኗ ላይ ተኛሁ። ጠብቁ፣ ጠብቁ እያልኩ ጮህኩ። ወንዶቹ ብብቴን ይዘው አነሱኝ። እኔ ምን አቅም ነበረኝ?»

እጄ ላይ ያለው ላስቲክ ተጨማደደ። ያን ጩኸት እኔም ሰምቼዋለሁ። ጓሮ ንፍሮ እየቀቀልኩ ነበር፤ ሳጥኑ ሲነሳ እናቴ «ጠብቁ! ጠብቁ!» ስትል ሰማሁ። ለቅሶ ነው አልኩ። አስከሬን ሲወጣ ቆይ የማይል፣ አትውሰዱብኝ የማይል ማን አለ? ሁሉም ሰው እንደኔ ለቅሶ መስሎታል።

«ማን ነው ይነሳ ያለው?» አለች አክስቴ።

እናቴ ባጃጁ የሄደበትን መንገድ ብቻ አየች። አክስቴም ዓይኗን ተከትላ አየች።

«አጎታችን?»

«ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ጉድጓዱ ውኃ ይሞላል ብለው ፈሩ። ክፉ አይደሉም፤ ለእሷ ብለው ነው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ከእናታችን ወገን የቀሩሽ እሳቸው ናቸው። ያሳደጉሽም እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ እንዳየሁሽ ብነግርሽ፣ የእሳቸውንም ደጅ አልረግጥም ትዪ ነበር። ከዚያ ማን ይቀርሻል? እኔን ብቻ ብትጠዪ ይሻላል አልኩ።»

ጎንበስ ብዬ የሌለ ወረቀት ስፈልግ ቆየሁ፤ ቀና ብል ድምፅ አውጥቼ አለቅስ ነበር። እናቴን የማውቃት ይመስለኝ ነበር። ግትር ናት፣ ለእህቷ አንድ እርምጃ መራመድ ያቃታት ናት ብዬ በልቤ ስንት ጊዜ ፈርጄባታለሁ። ዛሬም ሽማግሌዎቹ ፊት ሰምታ እንዳልሰማች ስትሆን ልገፋት ደርሼ ነበር። አጎታችን ከፊቷ ተቀምጠው፣ ከተማው ሁሉ ምስክር ሊሆን ከቧት፣ ምን ብላ ትመልስ ኖሯል?

አክስቴ ተነሳች። ልትሄድ መስሎኝ ደነገጥኩ። ግን በአግዳሚው ጫፍና ጫፍ መሐል ያለውን ባዶ ቦታ መጥታ ተቀመጠችበት።

«እትዬ» አለቻት። ይህን ቃል ከአፏ ከሰማሁ ዕድሜ ሆኖኛል። ልጆች ሳለን እናቴን እንዲህ ነበር የምትጠራት።

እናቴ አልቻለችም። ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ሙሽሮቹም ዘፈናቸውን አቆሙ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጥበቃው የመናፈሻውን በር ሊዘጋ መጣ። ያኔ ሌላ ነገር ትዝ አለን፤ ዕርቁ በይደር ነው፣ መሐላውን ሽማግሌዎቹ አላነሱትም። እናቴ እህቷን ወደ ቤት ይዛት መግባት አትችልም፤ አክስቴም እንዲሁ። በዚያ ላይ ሁለቱም ሽማግሌዎቹ ፊት ተመልሰው ነገሩን ማስቋጨት አልፈለጉም፤ ለምን የሚለው ጥያቄ እንደገና ቢነሳ አጎታችን መልሱን ሊሰሙት ነው። ስለዚህ በሩ ላይ ተለያዩ። አክስቴ ባጃጅ ውስጥ ገብታ አንገቷን አወጣች።

«ስመለስ ጠብቂኝ» አለቻት።

«የት?»

«እዚሁ። አግዳሚው ላይ።»

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ ተብሎ ተደወለልን። የወጣው እብጠት ክፉ አይደለም ሲሉን እናቴ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጌታን አመሰገነች። አክስቴ ለመንገድ እስክትጠነክር ሳምንታት አለፉ። የምትመለስበት ቀን እናቴ ገና በጠዋቱ መናፈሻው ገብታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እኔ ከሥራ ስወጣ እዚያው ናት። የአክስቴ ልጅ በመኪና እያመጣት ነበር፤ ሻሸመኔ ደርሰናል ካለን በኋላ ስልኩ አልነሳም አለ። ከዚያ ዝናቡ መጣ። የሀዋሳ ክረምት እንደምታውቁት ነው፤ ከሐይቁ ማዶ ጠቁሮ ይነሳና ሳትዘጋጁ ላያችሁ ላይ ነው። ጃንጥላ ይዤ ሮጥኩ፤ ነፋሱ ገለበጠብኝ።

«እማዬ ተነሺ! ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ግቢ፣ ከዚያም እኮ ይታይሻል!»

አልሰማችኝም። ያ ጥበቃም የዝናብ ልብሱን በላዩ ጥሎ መጣ። «እናቴ፣ ይግቡ እንጂ፤ መብረቅ አለ» አላት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ነጠላዋ ገላዋ ላይ ተጣብቋል። መንገዱ በጎርፍ ተዘግቶ ይሆን? መኪናው አንድ ነገር ሆኖ ይሆን? እያልኩ እኔ በፍርሃት እሞታለሁ፤ እናቴ ከበሩ ላይ ዓይኗን አታነሳም። በንዴትም በፍርሃትም ጮህኩባት። «በዚህ ዝናብ ታምሚና እሷ መጥታ አንቺን ታስታምም!» አልኳት።

አንድ ነጭ መኪና መብራቱን አብርቶ በሩ ላይ ቆመ። አክስቴ በልጇ ተደግፋ ወረደች፤ አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነው፣ ቀስ እያለች በዝናቡ ውስጥ መጣች። እናቴን ከራስ እስከ እግሯ አየቻት፤ ውኃው ከፀጉሯ ላይ ይወርዳል።

«እትዬ፣ ምን ሆነሻል? ዝናብ አይደለም እንዴ፣ ለምን አልገባሽም?»

«ጠብቂኝ አላልሽኝም?» አለች እናቴ።